ሳይጥል የሚያልፍ የሚጥል በሽታ፦ የዶክተር ዜድን የሕመም ማስታወሻ ዳግም ማንበብ

መግቢያ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ብሂሉ በአብዛኛው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ የሚጥለው በሕመምተኛው ላይ ነው። እኛ የጤና ባለሙያዎች ራሳችንን በሐቅ ብንመረምር፣ ሕመምተኛው ሳይሸሽገው ሰሚ በማጣት ብቻ ለዓመታት ተሸሽጎ የሚኖር በሽታ እንዳለ አይጠፋንም። ከእነዚህም አንዱ በሕክምና ቋንቋ ኦራ ተብሎ የሚጠራው የሚጥል በሽታ ስሜት ነው።

አንድ ሰው ሥራውን እየሠራ ሳለ በድንገት አንዳች ነገር ከሆዱ ተነሥቶ ወደ ደረቱና ወደ ጉሮሮው ሲወጣ ይሰማዋል። ወይም ምክንያቱ የማይታወቅ ፍርሃት ይወርረዋል፤ ወይም ሌላው ያላሸተተው የሚያርር ነገር ሽታ ይመጣበታል፤ ወይም ያችን ቅጽበት ከዚህ ቀደም እንዳለች የኖራት ይመስለዋል። ነገሩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ያልፋል። ሰውየው አልወደቀም፤ አረፋ አልደፈቀም፤ ምላሱን አልነከሰም። በዚህም ምክንያት ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ አንዱ ባለሙያ የጨጓራ መድኃኒት ያዝዝለታል፤ ሌላው «ጭንቀት ነው» ይለዋል፤ ሦስተኛው ምርመራው ሁሉ ደኅና መሆኑን ነግሮ ያሰናብተዋል። እርሱ ግን ደኅና አለመሆኑን ያውቃል። ይህ ሰው የበሽታውን ስም የሚያገኘው፣ አንድ ቀን በገበያ መካከል ወይም በምድጃ አጠገብ ሲወድቅ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ኦራ የሚገኘውን መድገም አይደለም። ይልቁንም ለዚህ ዕውቀት መሠረት ከሆኑት ጽሑፎች አንዱን፣ እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ኸሊንግስ ጃክሰን በ1888 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የሕሙማን ታሪክ፣ በሂስ ዓይን ማንበብ ነው። ጽሑፉ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ ቢኖረውም፣ ሕመምተኛን እንዴት ማዳመጥ እንደሚገባ የሚያስተምረው አለው። ሳያዳምጥ ያለፈውም አለ። ሁለቱም ለዛሬ የምርመራ ክፍላችን ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቃሉና ስለ ስሙ

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ኦራ የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ለስለስ ያለ ነፋስ ማለት ነው። ቃሉን ለሕክምና ያበረከተው ሕመምተኛ እንጂ ሐኪም አልነበረም። የጥንቱ ሐኪም ጋሌን እንደዘገበው፣ አንድ ወጣት ከጥቃቱ በፊት የሚሰማው ነገር ምን እንደሚመስል ሲጠየቅ፣ ከታች ወደ ላይ እንደሚወጣ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው ሲል መለሰ። ሐኪሞቹ ቃሉን ከአፉ ተቀብለው አኖሩት። እነሆ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የምንጠቀምበት የሙያ ቃል የአንድ ስሙ ያልታወቀ ወጣት ንግግር ነው።

በአማርኛ ደግሞ በሽታው የተሰየመው በተመልካች ዓይን ነው። «የሚጥል በሽታ» የምንለው ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ጎልቶ የሚታየው መውደቁ ስለሆነ ነው። ስያሜው በሕዝብ ዘንድ የታወቀና ግልጽ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ከውስጥ ሆኖ ለሚያየው፣ ለማይወድቀው ሕመምተኛ ስም አልተረፈለትም። «የሚጥል በሽታ አለብዎት?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሳይዋሽ «የለብኝም፤ ጥሎኝ አያውቅም» ብሎ ይመልሳል። ሐኪሙም ይህንኑ በካርዱ ላይ ያሰፍራል። ሁለቱም እውነቱን ተናግረዋል፤ በሽታው ግን በመካከላቸው አምልጧል።

ዛሬ እንደምናውቀው ኦራ የጥቃት ማስጠንቀቂያ ብቻ ሳይሆን ራሱ ጥቃት ነው። በአንጎል አንድ አካባቢ የተወሰነ፣ ሕመምተኛው ኅሊናውን ሳይስት የሚያልፍ ፎካል ጥቃት ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ተከላካይ ሊግ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣውና በ2025 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ምደባ ውስጥም የራሱ ስፍራ አለው። ወደዚህ ግንዛቤ ካደረሱን መንገዶች አንዱ የሚነሣው ከጃክሰን ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉና ዘመኑ

ጃክሰን (1835–1911 እ.ኤ.አ.) በለንደን ኩዊን ስኩዌር በሚገኘው፣ ሽባ ለሆኑና የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕሙማን በተቋቋመው ሆስፒታል ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በ1878 እ.ኤ.አ. «ብሬይን» የተሰኘውን የሕክምና መጽሔት አቋቋመ። አሁን የምንነጋገርበት ጽሑፍም የወጣው በዚሁ መጽሔት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «የአእምሮ ኦራ» ስላላቸው፣ ሕልም መሰል ሁኔታ ውስጥ ስለሚገቡ ሕሙማን ይተርካል።

ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ በመመዝገብ ለዓለም ያስታወቀው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ፌኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ እንደሚያገለግል የታወቀው በ1912 እ.ኤ.አ. ነበር። ስለዚህ ጃክሰን በ1888 እ.ኤ.አ. ኢ.ኢ.ጂ.፣ ሲ.ቲ. ስካንም ሆነ ኤም.አር.አይ. አልነበረውም፤ ከመድኃኒትም በእጁ የነበረው በዋናነት ብሮማይድ ነው። የነበሩት መሣሪያዎች የሕመምተኛው ቃል፣ የራሱ ጆሮ፣ ብዕሩና በመጨረሻም የአስከሬን ምርመራ ነበሩ። ከመጨረሻው በቀር፣ በወረዳ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባልደረባችንም ዛሬ እነዚሁ መሣሪያዎች አሉት።

ከሕሙማኑ መካከል ጎልቶ የሚታየው ጃክሰን «ዜድ» በሚል ፊደል ብቻ የጠራው ሰው ነው። ዜድ ራሱ ሐኪም ነበር። ማንነቱ ለረጅም ጊዜ ተሠውሮ ከቆየ በኋላ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ቴይለርና ማርሽ የተባሉ አጥኚዎች ከ1851 እስከ 1894 እ.ኤ.አ. የኖረው ዶክተር አርተር ቶማስ ማየርስ መሆኑን አስረዱ። እኔ ግን በጽሑፉ ውስጥ በተሰጠው ስም ዜድ እያልሁ እቀጥላለሁ።

የዜድ ቃል

ጃክሰን ስለ ዜድ ሲጽፍ ብዙውን ገጽ ለራሱ ለዜድ ለቀቀለት። ዜድ እንደሚተርከው የመጀመሪያው ምልክት የታየው በ1871 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው። ጤንነቱ የተሟላ ነበር። በአንድ የኮሌጅ ደረጃ ግርጌ ቆሞ ጓደኛው እስኪወርድ እየጠበቀ፣ ወዲያና ወዲህ የሚሉትን ሰዎች እንዲሁ ሲመለከት፣ በድንገት ቀልቡ ሁሉ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። የተሰማው ደማቅና ያልተጠበቀ ትዝታ ነበር፤ የምን ትዝታ እንደሆነ ግን አላወቀም። ጓደኛው ሲደርስ ጀርባውን ከግድግዳ አስደግፎ፣ ፊቱ ገርጥቶና ግራ ተጋብቶ አገኘው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። ምን እንዳስታወሰ መናገር ስላቃተው ሁለቱም በነገሩ ተገርመው አለፉት።

በዚያን ቀን ወደ ሐኪም ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር? ብዙዎቻችን ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠይቀን፣ የደም ግፊቱን ለክተን እናሰናብተው ነበር።

ዜድ ከዚያ በኋላ ስሜቱ ደጋግሞ ሲመጣበት ባሕርዩን በጥንቃቄ ያጠናል። በዚያች ቅጽበት ቀልቡን የያዘው ነገር ከዚህ ቀደምም ይዞት የነበረ፣ በደንብ የሚያውቀው፣ ለጊዜው የረሳውና አሁን እንደገና ያገኘው ሆኖ ይሰማዋል። ሲፈልገው የቆየውን ዕቃ እንዳገኘ ሰው መጠነኛ እርካታም ይሰማዋል። ወዲያው ደግሞ ትዝታው ሐሰተኛ መሆኑንና እርሱም በጤናማ ሁኔታ ላይ አለመሆኑን በደብዛዛው ይገነዘባል። የሚቀሰቅሰው የሌላ ሰው ድምፅ፣ ወይም በልቡ በቃላት የሚያስበው ሐሳብ፣ ወይም የሚያነበው ነገር እንደሆነም ይመዘግባል። ነገሩ ካለፈ በኋላ ግን የትዝታውን ይዘት መልሶ ሊያገኘው አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በሥራ ላይ ሳለ የደረሰበት ነው። እናቱ ያመጣችው አንድ ወጣት የሳንባ ሕመም ምልክት ነበረበትና ዜድ ደረቱን ሊመረምረው ልብሱን እንዲያወልቅ ነገረው። ወጣቱ ልብሱን ሲያወልቅ የጥቃቱ መጀመሪያ ተሰማው። ማዳመጫውን ማውጣቱንና ከሰው ጋር ላለመነጋገር ፊቱን ጥቂት መለስ ማድረጉን ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው በዚያው ክፍል በጽሕፈት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ከሌላ ሰው ጋር ሲነጋገር ነው። ሕመምተኛው በክፍሉ ውስጥ የለም። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ወጣቱን አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘው፤ አጠገቡም ዜድ በገዛ እጁ የጻፈው የበሽታው ስም አለ፦ የግራ ሳንባ ታችኛው ክፍል ኒሞኒያ። ምርመራውን ማድረጉንም፣ ወጣቱ ወዲያው እንዲተኛ ማዘዙንም የተረዳው ከሌሎች ሰዎች ወሬ ነው። እንደገና ሲመረምረውም ያንኑ ውጤት አገኘ። በነገሩ እንደተደነቀ፣ ነገር ግን አስቀድሞ ይገምት የነበረውን ያህል እንዳልከፋው ይናገራል።

የጽሑፉ ጥንካሬ

የጃክሰን ጽሑፍ የመጀመሪያ ጥንካሬ የሕመምተኛውን ቃል ሳይተረጉም ማኖሩ ነው። ሐኪሞች ስንባል የሰማነውን ወዲያው ወደ ሙያችን ቋንቋ መለወጥ ይቀናናል። ሕመምተኛው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ሲል በካርዱ ላይ የምንጽፈው «የሆድ ሕመም» ብለን ነው። በዚህ ጊዜ ፍርሃቱ ጠፍቶ ሆዱ ብቻ ይቀራል። ከሆድ ሕመም ደግሞ ወደ ጨጓራ መድኃኒት መንገዱ አጭር ነው። ጃክሰን ግን የዜድን «ትዝታ» ትዝታ ብሎ ተወው። ቃሉ እንግዳ መሆኑ አላስቸኮለውም።

ሁለተኛው ጥንካሬ ጥንቃቄው ነው። ይህች ቅጽበት ቀድሞም ነበረች የሚል ስሜት ለጤነኛ ሰዎችም አልፎ አልፎ ይመጣል። ጃክሰን ይህን አልዘነጋም። በዚህ ስሜት ብቻ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ እንደማይወስን፣ ደጋግሞ መምጣት ከጀመረ ግን እንደሚጠረጥርና በጥርጣሬውም መሠረት ሕክምና እንደሚሰጥ ያስረዳል። በአንድ በኩል ሁሉን ነገር በሽታ ከማድረግ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉን ነገር ከንቱ ከማድረግ የሚጠብቅ ሚዛን ነው። ይህን ሚዛን ዛሬም የተሻለ አድርጎ መግለጽ ያስቸግራል።

ሦስተኛው ጥንካሬ ውጤቱ ነው። ዜድ በ1894 እ.ኤ.አ. ሲሞት አንጎሉ ተመረመረ። ጃክሰንና ባልደረባው ኮልማን በ1898 እ.ኤ.አ. በዚያው መጽሔት እንዳሳወቁት፣ በግራ ቴምፖራል ሎብ የውስጠኛ ክፍል፣ በአንከስ አካባቢ፣ በጣም አነስተኛ የሆነ የለሰለሰ ስፍራ ተገኘ። ቆየት ብሎም ዋይልደር ፔንፊልድ በሞንትሪያል ኅሊናቸውን ያልሳቱ ሕሙማንን በቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ በቴምፖራል ሎብ ላይ በኤሌክትሪክ ሲነካቸው ተመሳሳይ ስሜቶች ሊቀሰቀሱ መቻላቸውን አሳይቷል። የአንድ ሰው እንግዳ ትዝታ የአንጎልን አንድ ማዕዘን ጠቁሞ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ዜድ የተማረ ሰው፣ ያውም ሐኪም ነው፤ የእኛ ሕሙማን እንዲህ ሊናገሩ አይችሉም» የሚል። ተቃውሞውን የሚያፈርሰው ጃክሰን ራሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቢቨር ከተባለው ባልደረባው ጋር ሆኖ የአንዲት የ53 ዓመት ወጥ ቤት ሠራተኛን ታሪክ አሳተመ። ሴትየዋ ጥቃቱ ሲመጣባት አንዲት ትንሽ ጥቁር ሴት ምግብ በማብሰል ተጠምዳ ትታያት ነበር፤ ከዚህም ጋር የሚያርር ቆሻሻ የመሰለ እጅግ የሚከረፋ ሽታ ይሸታት ነበር። ከሞተች በኋላ በቀኝ ቴምፖራል ሎብ ዕጢ ተገኘ። ሴትየዋ የሕክምና ትምህርት አልነበራትም። የተናገረችውን የሚቀበል ጆሮ ግን አገኘች፤ ቃሏም ከዜድ ቃል እኩል ወደ ትክክለኛው ስፍራ መራ። የሕመምተኛው ትምህርት ትረካውን ሊያሳምረው ይችላል። ትረካው ለምርመራ እንዲበቃ የሚያደርገው ግን የጠያቂው ትዕግሥት ነው።

ጽሑፉ ያልጠየቀው

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ ጽሑፉ የጎደለውን መናገር ግዴታችን ነው። ጃክሰን ዜድን ስለ አንጎሉ ጠየቀው፤ ስለ ኑሮው ግን አልጠየቀውም፤ ጠይቆት ከሆነም ለእኛ አላስተላለፈልንም። ከ1871 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. ድረስ 17 ዓመታት አሉ። በእነዚህ ዓመታት ዜድ ለማን ነገረ? ማን ያውቅ ነበር? ማታ ብቻውን ሲሆን ምን ያስብ ነበር? ከማያውቀው ሰው ጋር ሲነጋገር ድንገት የሰውየው ድምፅ ጥቃቱን ቢቀሰቅስበት ምን ያደርግ ነበር? ጽሑፉ የሚነግረን ፊቱን ጥቂት መለስ ማድረጉን ብቻ ነው። በእኔ ግምት በታሪኩ ውስጥ ብዙ የሚናገረው ይህ ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ፊትን መለስ ማድረግ የአንድ ጊዜ ድርጊት አይመስልም፤ ሕመሙን ደብቆ መሥራት የለመደ ሰው ዘዴ ይመስላል። ጃክሰን ግን ሳያነሣው አለፈ።

ሁለተኛው ጉድለት የበለጠ ይከብዳል። የኒሞኒያው ታሪክ በሕክምና ዓለም የታወቀው፣ ኅሊናው የተጋረደ ሐኪም ትክክለኛ ምርመራ በማድረጉ ነው። ታሪኩን የምናደንቀው ምርመራው ልክ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ልክ ባይሆንስ? ወጣቱና እናቱ የመረመራቸው ሐኪም በዚያች ሰዓት የሚያደርገውን እንደማያስታውስ አላወቁም። ጽሑፉ ስለ እነርሱ ደኅንነት አንዲት ጥያቄ አያነሣም። ዜድ ቀጣዩን ሕመምተኛ እንዴት እንደተቀበለ፣ ሥራውን ስለማስተካከል ከጃክሰን ጋር ተመካክሮ እንደሆነም አይነግረንም። ይህን የምለው ዜድን ለመውቀስ አይደለም። ሕመሙን ቢገልጥ እንጀራውን ሊያጣ የሚችል ሰው ዝም ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ወቀሳው፣ ሐቁን እያወቀ እንደ አስደናቂ ነገር ብቻ ለመዘገበው ለሐኪሙ ብዕር ነው። በእኛም መካከል ሕመማቸውን ደብቀው የሚሠሩ ባልደረቦች ሊኖሩ እንደሚችሉ ማሰብ አለብን። ሥራቸውን ሳያጡ እውነቱን የሚናገሩበት መንገድ ካልተዘጋጀላቸው፣ እነርሱም ፊታቸውን መለስ እያደረጉ ይኖራሉ፤ አደጋውም የእነርሱና የሕሙማኑ ይሆናል።

ሦስተኛው ጉድለት በመጨረሻው ላይ ይታያል። ዜድ የሞተው ክሎራል ሃይድሬት የተባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት ከመጠን በላይ በመውሰድ ነው። ዕድሜው 42 ዓመት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው ጽሑፍ በአንጎሉ ውስጥ የተገኘችውን ትንሽ ስፍራ በከፍተኛ ጥንቃቄ ይገልጻል። ለሳይንስ ታላቅ ግኝት ነበር። ለ23 ዓመታት ያህል ከማይታወቅ ነገር ጋር የኖረው፣ ሐኪም ሆኖ የራሱን ሕመም መልስ ሲፈልግ የቆየው ሰው ግን መልሱ ሲመጣ በሕይወት አልነበረም። ሐኪሞቹ የት እንደሆነ አወቁ፤ ምን ያህል እንደከበደው ግን አልተጻፈም። ዛሬ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች መካከል የመንፈስ ጭንቀትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚበዛ እናውቃለን። ስለሆነም ስለ ኦራው የሚጠይቅ ሐኪም ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ተስፋ መቁረጥና በቤት ስላሉ መድኃኒቶችም ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

ወደ ራሳችን የምርመራ ክፍል

ከዚህ ንባብ ለእኛ የሚተርፈው ምንድን ነው? በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና በባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት የተካሄደውና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አግኝቷል፤ ይህም ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህሉ ማለት ነው። በሽታው በአገራችን ብርቅ እንዳልሆነ ይህ ብቻ ይበቃል። በማኅበረሰቡ ውስጥ በቀላሉ የሚታወቀው ግን የሚወድቀው ሕመምተኛ ነው። ለወደቀው ሰው ክብሪት ጭረው የሚያሸትቱ ብዙዎች ናቸው፤ ሳይወድቅ ለሚፈራው ሰው ግን የሚደርስለት የለም። አንዳንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይባላል፤ ሌላው ወደ ጠበል ይወሰዳል። ጠበል መሄዱን መንቀፍ የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ጠበሉን እየተጠመቀ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ መምከር ግን የእኛ ድርሻ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ ድሀ አይደለም። «ከሆዴ ተነሥቶ ይወጣብኛል»፣ «ልቤን ስንጥቅ ያደርገኛል»፣ «ሰውነቴን ይወርረኛል»፣ «የማላውቀው ቤት የማውቀው ይመስለኛል» የሚሉት አነጋገሮች ከዜድ ቃል አያንሱም። የሚጎድለው ጥያቄው ነው። «የሚጥል በሽታ አለብዎት?» ከማለት ይልቅ፣ «ድንገት መጥቶ ቶሎ የሚሄድ፣ በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት የሆነ ስሜት አለብዎት? ሲጀምርዎ በመጀመሪያ ምን ይሰማዎታል? በዚያን ጊዜ ሰው ሲናገርዎ ይሰማሉ? አጠገብዎ የነበረ ሰው ምን አየሁ ይላል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ በር ይከፍታል። ጥያቄዎቹ የሚወስዱት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ የተሰናበተው ሕመምተኛ ነገም ተመልሶ ያንኑ ወረፋ ይይዛል።

እርግጥ ነው፣ ድንገት የሚመጣ ስሜት ሁሉ ኦራ አይደለም። የድንጋጤ ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ይበረታል፤ ደቂቃዎችም ይቆያል። የማይግሬን ኦራ በተለምዶ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይዘልቃል። ራስን ለመሳት የተቃረበ ሰው ቆሞ ሳለ ዓይኑ ይጨልምበታል፣ ያልበዋልም። በስኳር ሕመም የሚታከም ሰው ስኳሩ ሲወርድ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። የሚጥል በሽታ ኦራ መለያው ድንገተኛ፣ አጭርና በመጣ ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ኢ.ኢ.ጂ. ተነሥቶ ደኅና መሆኑ በሽታው የለም ማለት አይደለም። የጥቃቱ መነሻ ትንሽና ጥልቅ ሲሆን፣ ስሜቱ በመጣባት ደቂቃ እንኳ በራስ ቅል ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ ምንም ላይመዘግብ ይችላል። የዜድ ዓይነት ስፍራ ይህን ያህል ትንሽ መሆኗን እናስታውስ።

መልሱ ወዲያው ባይገኝስ? ብዙ ጊዜም አይገኝም። በዚህ ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው ቃል ሕመምተኛውን ሊያቆየው ወይም ሊያጠፋው ይችላል። «ምንም የለብዎትም» ማለትና «እስካሁን አላወቅነውም፤ እንከታተለዋለን» ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በሩን ይዘጋል፤ ሕመምተኛውንም በቤተሰቡ ፊት አስመሳይ ያደርገዋል። ሁለተኛው የቀጠሮ ቀን አለው። እስከ ቀጠሮው ድረስም ብዙ ሊሠራ ይችላል። ሕመምተኛው ስሜቱ የመጣበትን ቀንና ሰዓት ይመዝግብ፤ መጻፍ ካልቻለ ልጁ ይመዝግብለት። ያየው ሰው አብሮት ይምጣ፤ ከተቻለም በሞባይል ስልክ ይቅረጽ። ስሜቱ ሲጀምር ከምድጃው ይራቅ፣ ይቀመጥ፤ በወንዝ ብቻውን አይታጠብ፤ ከፍታ ላይ አይውጣ፤ ጉዳዩ እስኪለይ ድረስ መኪና አይንዳ። ካርዱ ላይ ደግሞ የተናገረው ቃል በራሱ አማርኛ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይጻፍ። ቀጣዩ ሐኪም የእኛን ግምት ብቻ ሳይሆን የሕመምተኛውን ድምፅ ያገኛል።

ማጠቃለያ

የጃክሰን ጽሑፍ ታላቅ የሆነው የዜድን ቃል ለዜድ ስለተወለት ነው። ያነሰው ደግሞ ቃሉን ወስዶ ሰውየውን በአንዲት ፊደል ስለሸፈነው ነው። ስምን መሸፈን ምስጢር መጠበቅ ነውና ይመሰገናል፤ ኑሮን መሸፈን ግን የሐኪም ግዴታ አልነበረም። እኛ ዛሬ ፌኖባርቢታልም፣ ካርባማዜፒንም፣ በትላልቅ ከተሞች ኢ.ኢ.ጂ.ም ኤም.አር.አይ.ም አለን። ጃክሰን ከነበረው ይበልጣል። ሆኖም ከሕመምተኛ ጋር ተቀምጦ፣ ያልተለመደ ቃል ሲሰማ ሳይቸኩል፣ «እስቲ ይድገሙልኝ» የማለቱ ነገር ከእርሱ የምንማረው ሆኖ ቀርቷል።

ስለዚህ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ነገ ጧት በር አንኳኩቶ የሚገባው፣ ምርመራው ሁሉ ደኅና የሆነው፣ ነገር ግን ደኅና አይደለሁም የሚለው ሰው ሲመጣ፣ የጨጓራውን መድኃኒት ከማዘዛችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጨምርለት። ዜድ ያገኘው ሰሚ ጆሮ ለእርሱም ይገባዋል፤ ዜድ ያላገኘው የኑሮው ጥያቄም እንዲሁ።